ፀሐይን ፍለጋ

አንድ ወዳጄ ጸሐፊ የሆነበት ዕድር መዝገቡን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር አስገለበጠ። የገለበጡት ብዙ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ፀሐይን እንደለመደው ጻፋት። ፀሐይ የሚባሉ አንዲት እናት ሦስት ቦታ ተመዝግበው ኖሮ፣ በአንዱ ከፍለው በሁለቱ ባለዕዳ ሆኑ። «ከፍያለሁ እኮ ልጄ» ቢሉ ማን ይስማቸው? ወዳጄ ጨነቀውና «አንተ ፓይተን የሚሉትን የፕሮግራም ቋንቋ ታውቅ የለ፣ በሞቴ አጥራልን» አለኝ።

ለእንዲህ ያለው ሥራ ሬጀክስን የሚያህል የለም። የቃሉን መልክ ትነግረዋለህ፣ ያንን መልክ የያዘውን ሁሉ ለቅሞ ያመጣልሃል። መሠረቱን አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ስቲቨን ክሌኒ በ1950ዎቹ ጣለ፤ ኬን ቶምሰን ደግሞ በ1968 ለጽሑፍ ፍለጋ እንዴት እንደሚውል አሳየ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ለእኚያ እናት የጻፍኩት ይህ ነው፦

[ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ

ካሬው ቅንፍ «ከውስጤ አንዱን ፊደል ውሰድ» ይላል። ሁለት ጸ፣ ስድስት ሀ፤ በአንድ መስመር 12 አጻጻፍ። ሦስቱም ፀሐዮች ወዲያው ወጡ። ፀሐይነሽም አብራ ወጣች፤ የቃል ድንበር ምልክት ግራና ቀኝ ሲጨመር እሷ ቀረች። ግን ስም ስለተመሳሰለ ሰው አንድ አይሆንም። የአባት ስምና ስልክ ሳይመሳከር አንድም መስመር እንዳይሰረዝ ወዳጄን ለመንኩት፤ ዕድር ነውና፣ የተሰረዘ ስም የሚታወቀው ለቅሶ ሲደርስ ነው።

ቀጥሎ አድራሻ መጣ። የአድራሻው ዓምድ «ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ነው የፈረንጅ መጻሕፍት የማይነግሩህ ጣጣ ያለው። «ቤት» ብለህ ብትፈልግ «ቤቷ» አትገኝም። በላቲን አናባቢው ከኋላ ስለሚቀጠል ግንዱ ሳይነካ ይቀራል፤ በእኛ ግን ት እና ቷ ለኮምፒውተሩ የማይተዋወቁ ሁለት ፊደላት ናቸው። ደግነቱ ዩኒኮድ የተባለው የኮምፒውተር የፊደላት ሥርዓት የአንድን ፊደል ዘሮች እንደ ገበታው ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ደርድሯቸዋል፤ ቤ[ተ-ቷ] ስትል ቤቱም ቤቴም ቤታችንም ይመጣል። ቤተ ክርስቲያንና ቤተሰብም ግር ብለው ይመጣሉ! ግዕዙን ትተህ ከካዕብ ጀምር፣ ቤ[ቱ-ቷ] በል፤ በቤተ የሚጀምሩት ሁሉ ይቀራሉ። ይህን ያየሁ ለት የፊደል ገበታን ያሰናዱትን ሊቃውንት በልቤ አመሰገንኩ።

በዚያው ሰሞን የአንድ ድርጅት የኢንተርኔት ቅጽ ላይ ስሜን በአማርኛ ብሞላ «ትክክለኛ ስም ያስገቡ» ብሎ መለሰኝ። እንዲህ ያለው ነገር ጃቫስክሪፕት ከተባለው የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋ ሊመጣ ይችላል፤ እዚያ በሬጀክስ የተለመደው የቃል ፊደል ምልክት የሚያውቀው የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችንና የታች ሰረዝን ብቻ ነው። በፓይተን 3 ያው ምልክት ፊደላችንን ይቀበላል። ጃቫስክሪፕትም በፈረንጅ ከ2018 ደረጃው ጀምሮ የግዕዝን ፊደል ለይቶ የሚቀበልበት መንገድ አለው፤ ስለዚህ ማመካኛ የለም። እናት አባት ያወጡልህ ስም ትክክል አይደለም ሲባል ያንገበግባል። ፕሮግራም የምትጽፉ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ቅጻችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት የእናታችሁን ስም በአማርኛ ጽፋችሁ ሞክሩት።