ሙያ በልብ አልሆንለት ያለው ሰውዬ

የተሰጠኝን ሥራ አስቀምጬ ያልተሰጠኝን በትጋት የምሠራ ሰው ነኝ። ለአለቃዬ ሪፖርት ማድረስ ሲገባኝ፣ የኮምፒውተሬን ዴስክቶፕ ቀለም ቀስ በቀስ የሚለውጥ ፕሮግራም ስጽፍ ከረምኩ። ሪፖርቱን የሚጠይቀኝ ሰው ነበር፤ ፕሮግራሙን ግን ማንም አልጠየቀኝም። የበረታሁትም ለዚሁ ይመስለኛል።

ነገሩ ቀላል ነው። ስክሪን ላይ የምናየው ቀለም የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን ድብልቅ ነው። የእያንዳንዱ መጠን ከ0 እስከ 255 ስለሚደርስ በጠቅላላው 16,777,216 ቀለም ይገኛል። ፕሮግራሙ ጥቂት ይተኛል፣ ይነሳል፣ ቀለሙን በትንሹ ይነካካል፣ ተመልሶ ይተኛል። ከእኔ የሚለየው ሲነሳ አንድ ነገር ሠርቶ መተኛቱ ነው።

መጀመሪያ ቢጫውን ወደ ሰማያዊ ለማሻገር ሦስቱንም ቁጥሮች በእኩል ፍጥነት ነዳኋቸው። መሐል መንገድ ላይ ሲደርሱ እኩል ሆኑና ድፍን ግራጫ ወጣ። ስህተቴን በማረም ፈንታ «የማለዳ ጭጋግ» ብዬ ስም አወጣሁለት። ኋላ ላይ ቀለማትን በ360 ዲግሪ ክብ ላይ ማዞር እንደሚሻል ገባኝ። ይህን ዘዴ አልቪ ሬይ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1978 አሳትሞታል፤ እኔ ግን ቢሮ ውስጥ ሳወራው የራሴ ግኝት አስመሰልኩት።

በየ4 ደቂቃው አንድ ዲግሪ ቢሄድ ክቡን በ24 ሰዓት ይጨርሳል። ከንጋቱ 12 ሰዓት አስነሳሁት። ለውጡ ዓይን የማይዘው፣ ልስልስ ያለ ሆነ። የተመኘሁትም ይህንኑ ነበር። ጉዱ የመጣው ከእኔ ነው፤ ሰው ካላየልኝ የሠራሁ አይመስለኝም። ባልደረባዬን ጠርቼ «ስክሪኔ ላይ ምን አዲስ ነገር ታያለህ?» አልኩት። አጎንብሶ አየና «ምንም፤ ሪፖርቱም እዚያው ርዕሱ ላይ ነው» አለኝ።

አላስቻለኝም፤ ፍጥነቱን ጨመርኩት። ቀዩ ወደ ቢጫ፣ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ይሮጥ ጀመር። የክፍላችን ጸሐፊ በበሩ ስታልፍ ቆም አለችና «ጋሼ፣ ስክሪንዎ ሊበላሽ ነው መሰለኝ፤ አይቲዎቹን ልጥራልዎ?» አለችኝ። አመሰገንኳትና መልሼ አዘገየሁት።

ለነገሩ ዴስክቶፔ ላይ ቀለም የሚታይበት ቦታስ የት አለና! «አዲስ ፎልደር»፣ «አዲስ ፎልደር 2»፣ «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው እውነተኛው» ሞልተውታል። በእነሱ መሐል ሾልኮ የሚታየውን ደግሞ ባዶው የሪፖርት ገጽ ይሸፍነዋል።

ሙያ በልብ ነው ይባላል። የእኔው ሙያ ልቤ ውስጥ አላድር ብሎ በየቢሮው ሲዞር ይውላል፤ የሚያስተናግደው ግን አላገኘም። እናንተም ዛሬ ማድረስ ያለባችሁ ሥራ ካለ፣ አደራ፣ ይህን ፕሮግራም እንዳትጠይቁኝ። እሰጣችኋለሁ፤ ያውም አጠቃቀሙን ቁጭ ብዬ እያስረዳሁ።