የሰው ወርቅ ሲያደምቅ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለው የተረቱ አባቶቻችን የለንደኑን ሳውዝ ኬንሲንግተን ሳያዩ ነው ያለፉት። አይፈረድባቸውም። አንድ ጊዜ ብቅ ብለው ቢሆን ኖሮ ተረቱን በገዛ እጃቸው ይሰርዙት ነበር።

ሰፈሩ የጨዋ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 ከተካሄደው ታላቁ ኤግዚቢሽን በተረፈ 186,000 ፓውንድ መሬት ተገዛና ሙዚየሙም፣ ኮሌጁም፣ ሮያል አልበርት ሆልም ጎን ለጎን ተኮለኮሉ። ዓላማው ሕዝብን ማስተማር ነው። ዛሬም ሙዚየሙ በነጻ ያስገባል፤ ነጭ ከተቀቡት ባለምሰሶ ቤቶች በአንዱ ልደር ያለ ግን ዋጋውን ሲሰማ ሌላ ትምህርት ይቀስማል።

የሰፈሩ ዕንቁ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ነው። በ1988 ባወጣው ማስታወቂያ ካፌውን አስቀድሞ ሙዚየሙን እንደ ምራቂ አቅርቦት ነበር። ምራቂው ውስጥ ታዲያ በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ያጋዘው፣ የሐዋርያት ምስል የተቀረጸበት ባለሦስት እርከን የወርቅ አክሊል አለ። አገሩ ቢቀር ዕጣን ያጠቁረው ነበር። እዚህ ግን መስታወት ተገጥሞለት፣ መብራቱ ተመጥኖለት፣ ጎብኚው ኬኩን አጣጥሞ ያደንቀዋል። እንዲህ ያለ አደራ ጠባቂ ከየት ይገኛል? አደራ የሰጠ አለመኖሩ ብቻ ነው ጉድለቱ።

ቸርነታቸውስ! ራስ ተፈሪ በ1924 እንግሊዝን ሲጎበኙ እንግሊዞቹ ከመቅደላ ዘውዶች አንዱን መለሱልን፤ በወርቅ የተለበጠውን ብር። ወርቁ እንዳይከብደን ብለው እነሱ ያዙልን። በ2018 ደግሞ፣ አክሊሉ በተጋዘ በ150ኛው ዓመት፣ የሙዚየሙ ዳይሬክተር ከዚያ የባሰ ደግነት አሳዩ፤ ቅርሶቻችሁን በረጅም ጊዜ ውሰት እንስጣችሁ አሉን። ለምን ጠቅልላችሁ አትመልሱም ሲባሉ የ1983ቱ የብሔራዊ ቅርስ ሕግ ከልክሎናል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሕግ አክባሪዎች ናቸው። ከመቅደላ ሲጫን ዝሆንና በቅሎ እንጂ ሕግ አላስፈለገም። ሕጉን ያወጣው ፓርላማም ቢሆን ከሙዚየሙ በታክሲ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነውና እንዲህ ያለ ሩቅ አገር ሄዳችሁ አሻሽሉልን ማለት ነውር ይሆናል።

ጨዋን ጨዋ ሊመልስለት ይገባል። ስለዚህ ባለቤትነቱን ያስረክቡን፤ እኛም ያንኑ አክሊል ለዚያው መስታወት በረጅም ጊዜ ውሰት እንሰጣቸዋለን። ካፌው አይጎድልበት፣ ጎብኚውም አይቀርበት። ውሰት ይህን ያህል የተከበረ ነገር ከሆነ፣ ተዋሹ እነሱ ቢሆኑ ምን ይገዳቸዋል?