የድንጉላ ጠበቃ

ይኸው ለዚህም ደረስን! ቦንጋ ተቀምጦ «የንብ እጭ ብሉ» የሚል ልጅ አፈራን። ያውም የገዛ የልጅ ልጄ፤ ጊደር ሸጬ ዩኒቨርሲቲ የላክሁት።

«አያቴ፣ እጭ እኮ ምግብ ነው» ይለኛል። መች ጠፋኝ? በእኛ ጊዜ ማር ከነእንጀራው፣ ከነሠሙ፣ ከነእጩ ነበር ጋን የሚገባው። ሰፈፉ ይገፈፋል፤ ጠጁ በብርሌ ይወርዳል። ፕሮቲኑን የለካ አልነበረም። ኋላ አሠልጣኞች መጡና «እጭ ያለበት ማር ገበያ አይወጣም፤ የደረሰውን እንጀራ ብቻ ቁረጡ» አሉን። እሺ ብለን አጠራን። አሁን ደግሞ ምግቡ የጣላችሁት ነበር ይሉናል!

ልጁ ደብተር ዘርግቶ ያስተምረኛል። እንቁላሉ በ3 ቀን ይፈለፈላል፤ እጩ 6 ቀን ገደማ ሲበላ ይሰነብትና ይታሸግበታል፤ ሙሽሬ ሆኖ ቆይቶ በ21ኛው ቀን ሠራተኛ ንብ ይወጣል። እጩ ስኳርና ስብ አለው፤ ሲደርቅም ከክብደቱ ከሲሶ በላይ ፕሮቲን ነው። ሙሽሬው ላይ ፕሮቲኑ ይጨምራል፤ ስቡም አይጎድል። ያደገው ንብ ግን ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ቢሆንም ስቡ ቀንሷል፤ ቅርፊቱም ሆድ በቀላሉ የማይፈጨው ካይቲን ነው። «ስቡ የቀነሰ፣ ቆዳው የደነደነ» ሲል ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ። ምን ማለቱ ነው?

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት 2 ቢሊዮን ያህል ሰው ነፍሳት ይመገባል አሉ። ይመገብ! የሐር ትል ሙሽሬ የሚጠብስም ይጥበስ፤ ማን ከለከለው? ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የመዘገበልን የካፋ ጫካ ውስጥ ግን ቀፎ የምንሰቅለው እኛ ነን፤ በሌሊት ዛፍ ላይ ወጥተን በጭስ የምንታፈነውም እኛ። እጩን ዛሬ ከበላነው፣ የጌተም ዛፍ ሲያብብ ነጩን ማር ማን ሊሠራልን ነው?

«እንግዲያው የድንጉላውን እጭ እንብላ» አለ ብልጡ። ድንጉላ፣ ማለትም ወንዱ ንብ፣ በ24 ቀን ይወጣል፤ አበባ አይቀስም፣ ማር አይሠራም፣ መውጊያ እንኳ የለውም። ቫሮዋ የሚሉት ተባይም የድንጉላ እጭ ላይ መራባት ስለሚወድ፣ በሌላው አገር አናቢዎች ሆን ብለው ቆርጠው ያወጡታል።

ነገሩ ያሳምናል፤ የሚያስፈራኝም ማሳመኑ ነው። «ሥራ የማይሠራ፣ ቤት ተቀምጦ የሚቀለብ ይበላ» የሚል ሕግ እኔ ቤት አይጸድቅም! እዚህ ቤት ሥራ ሳይሠራ የሚቀለበው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ፕሮቲን ካማረህ፣ ልጄ፣ ባቄላ ቀቅል።