እንደራሴው በክረምት

የመንዝ ሞላሌ ሰው ተወካዩን የሚያገኘው፣ ካገኘው፣ በክረምት ነው። በእንደራሴው አይፈረድም፤ ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 58 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤቱን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት እስከ ሰኔ 30 ሥራ ላይ ያቆየዋል። በመሃል አንድ ወር ቢያሳርፈውም፣ ለመራጭ በደንብ የሚተርፈው ሐምሌና ነሐሴ ነው። የመንዝ ሐምሌ ደግሞ ጉም ነው፤ ከአጥር ወዲያ የቆመው በግ የማን እንደሆነ እንኳ አይለይም። እንደራሴው "መስክ ሊያይ" የሚመጣው እንግዲህ ያን ጊዜ ነው።

የእኛ ጭንቅ ሌላ ወር ላይ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ የበልጉ ዝናብ ሲቀር እሱ አራት ኪሎ እጁን እያወጣ ነው። ኅዳር ላይ ውርጭ ገብሱን ሲመታም እዚያው ነው። ሐምሌ ላይ ጫማው ጭቃ ተሸክሞ አዳራሽ ይገባና "ዘንድሮስ ዝናቡ፣ እግዜር ይመስገን፣ መልካም ነው" ይላል። ማን ይከራከረው? ቆርቆሮው ላይ እየወረደ!

የቀረውን ሪፖርት ይሞላዋል። ቀበሌ ለወረዳ፣ ወረዳ ለዞን፣ ዞን ለክልል። ማንም አይዋሽም፤ እያንዳንዱ "በግምት" ትንሽ ያሟላል እንጂ። የመንዝን ዳገት ወጥቶ የማይከሳ በቅሎ የለም፤ ሪፖርት ግን ሽቅብ በወጣ ቁጥር ይፋፋል።

የሪፖርቱ ቁጥር ሲካፈልም ለ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ነው፤ በየዓመቱ ትንበያ እየተቀጠለለት። በየአሥር ዓመቱ ይቆጠር የሚል አንቀጽ 103 አለ፤ አራተኛው ቆጠራ ግን ሲገፋ ሲገፋ ቀረ። በ1999ኙ ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተገመተው ከሁለት ሚሊዮን በላይ አንሶ 17.2 ሚሊዮን ሲባል፣ ምክር ቤቱ ራሱ ጥያቄ አንሥቶ ነበር። በቆጠራው ማግስት የተወለደ ልጅ ዛሬ መራጭ ሆኗል፤ መዝገቡ ላይ ግን ገና አልተወለደም።

የእኛም እጅ አለበት። እንደራሴው መጣ ሲባል ሙክት ፍለጋ እንሮጣለን፣ እንዳይበርደው ባና እናለብሰዋለን። የሰባ ሥጋ እያጎረሱት "በጋችን አለቀ" ቢሉት እንዴት ይመን?

ክቡር ተወካያችን፣ እባክዎ በሚያዝያ፣ በገበያ ቀን፣ ሳያስነግሩ ይምጡ። ሙክት አናርድም። ገበያው ውስጥ የበግና የገብስ ዋጋ ብቻ ይጠይቁ። በጉ ረክሶ ገብሱ ከተወደደ በልጉ ከሽፏል፤ ገበሬው በጉን እየነዳ እህል ሊገዛ ወጥቷል ማለት ነው። ሪፖርቱ ኋላ ይደርስዎታል።