የአንድ ቀን ተጓዥ ከየትኛው ወገን ይመደባል?

ስለ አገር ውስጥ ቱሪዝም የሚጽፉ ሰዎች፣ ማለዳ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተነሥቶ አብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ደርሶ ማታ የሚመለሰውን መንገደኛ ያለ ምንም ማመንታት «ጎብኚ» ይሉታል። ይህ አመዳደብ የቆመው መንገደኛው ስለ ራሱ በሚሰጠው ቃል ላይ ብቻ ነው። አንድ ፍጡር ግን የሚመደበው በቃሉ ሳይሆን በሚነሣበት ሰዓት፣ በሚበላው ነገር፣ በማረፊያውና ከመንጋው ጋር በሚኖረው ጠባይ ነው። በነዚህ ሚዛኖች ሲመዘን የአንድ ቀን ተጓዥ ከጎብኚ ጋር የሚጋራው ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ ምናልባት ባርኔጣው። በአንጻሩ በዚያው ፓርክ ነዋሪ ከሆነና ጠባዩ በሚገባ ከተጠና ሌላ ፍጡር ጋር ያለው ዝምድና ዓይን ያወጣ ነው። ይኸውም ታላቁ ነጭ ፔሊካን ነው። ዝምድናው እስከ ዛሬ ሳይጠቀስ የቀረው የወፍ አጥኚዎች አውቶቡሱ ውስጥ ስለማይገቡ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ያሉትም ወፍ ስለማያዩ ይመስለናል።

ከመነሻ ሰዓት እንጀምር። ማስታወቂያው «መነሻ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ መገናኛ ቦታ ስታዲየም» ይላል፤ ከሥሩም «ሰዓት ይከበር» የሚል በደማቁ ይጻፍበታል። አውቶቡሱ የሚንቀሳቀሰው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ላዩን የሚያይ ሰው ይህን «የሐበሻ ቀጠሮ» ብሎ ያልፈዋል። ይሁንና ፔሊካንም ጎሕ ሲቀድ አይነሣም። ከሚበሩ ወፎች ሁሉ ከከባዶቹ ተርታ የሚቆም፣ አሥር ኪሎና ከዚያም በላይ የሚመዝን ወፍ በመሆኑ ያን አካል ክንፉን እያርገበገበ ሩቅ መውሰድ አያዋጣውም። ስለዚህ ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅና የሞቀው አየር ሽቅብ መውጣት እስኪጀምር ድረስ ባለበት ይቆያል፤ ከዚያ በአየሩ ላይ ተንሳፎ፣ በአንድ ቦታ እየዞረ እየዞረ ከፍታ ይይዛል። መዞሩ ልብ ይባል። አውቶቡሱም ከስታዲየም ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ደቡብ አያቀናም፤ «ወጥቻለሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ያለችውን ለመውሰድ ወደ መገናኛ፣ ጫማ ለመቀየር የተመለሰውን ለመውሰድ ወደ ገርጂ ይዞራል። ቃሊቲን የሚያልፈው ከዚህ ሁሉ ዙረት በኋላ ነው። በፔሊካኑ ላይ ይህ ሲታይ የኃይል ቁጠባ ተብሎ ይመሰገናል፤ በሰው ላይ ሲታይ ግን ስንፍና መባሉ አድልዎ ነው።

በቡድን የመሄድም ምክንያት በሁለቱም ዘንድ ያው ነው። ሴኔጋል ውስጥ በተለማመዱ ነጭ ፔሊካኖች ላይ የተደረገና በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ተሰልፈው የሚበሩት ፔሊካኖች የልብ ምት ብቻውን ከሚበረው ወፍ ከአሥር በመቶ በላይ ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። ከፊት ያለው አየሩን ሲሰነጥቅ ከኋላ ያሉት በእሱ ድካም ይጠቀማሉ። ብቻውን ሻላ ልሂድ ያለ ሰው የነዳጁንና የጎማውን ሁሉ ብቻውን ስለሚችል የልብ ምቱ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። አንድ ልዩነት መኖሩ ግን አይካድም፤ በፔሊካን ሰልፍ ዕረፍት የሚያገኙት የኋለኞቹ ሲሆኑ፣ በአውቶቡስ ከሞጆ በኋላ የልብ ምት የሚጨምረው በኋላ ወንበር ላይ ነው፤ ከበሮውም እስክስታውም የሚገኘው እዚያ ነውና። የጎጆው ጉዳይም መታለፍ የለበትም። ፔሊካኖች በደሴት ላይ ጎጆዎቻቸውን አጠጋግተው ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ የሚከላከለው ድንበር ምንቃሩ እስከሚደርስበት ነው። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር በጃኬት ወይም በነጠላ ይያዛል፤ «ሰው አለው» የሚለው ቃል የሚሸፍነው ስፋትም ክንድ ከሚደርስበት አይበልጥም።

ወሳኙ ማስረጃ ግን ምግብ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርገን መቆየታችን ተገቢ ይሆናል። ሻላ 266 ሜትር የሚጠልቅ፣ በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ ነው። ውሃው ሶዳማ በመሆኑ ግን ለፔሊካን የሚበቃ ዓሣ የለውም። ፔሊካን ይህን እያወቀ ለመራቢያው የመረጠው በዚሁ ሐይቅ መካከል ያለ ደሴት ነው፤ ቀበሮና ጅብ አይደርሱበትማ። መኖሪያው አንድ ውሃ፣ ገበታው ሌላ ውሃ ነው ማለት ነው። ተጓዡም የሚሄደው «ሻላ» ተብሎ ነው፤ ምሳው ግን ዝዋይ ነው። ከፓርኩ በር ዝዋይ ከተማ በአስፋልቱ ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ይርቃል፤ ይህ ርቀት ግን በየትኛውም የጉዞ መርሐ ግብር ላይ ምሳን ወደ ሻላ አስጠግቶ አያውቅም። አንዳንዱ አስተባባሪ ሲሄዱ ያበላል፣ «ኋላ እንዳይመሽብን» በሚል። ሌላው ሲመለሱ ያበላል፣ ስለመሸ። በሁለቱም መንገድ ሐይቁ የሚታየው ወይ ከጥጋብ በኋላ በእንቅልፍ ልብ ነው፣ ወይ ከረሃብ ጋር በጥድፊያ ነው።

አመጋገቡም ቢሆን ከአጋጣሚ በላይ ይመሳሰላል። ነጭ ፔሊካኖች ብቻ ለብቻ ዓሣ ከማሳደድ ይልቅ በቡድን ሆነው በውሃው ላይ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይሰለፋሉ፤ ዓሣውን ወደ መሀል ይነዱና ሁሉም በአንድ ቅጽበት ምንቃራቸውን ይነክራሉ። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ይህን ሥርዓት ክንፍ በሌላቸው ተመጋቢዎች ማየት ይቻላል። ጠረጴዛዎች ተገፍተው ይገጠማሉ፤ የቆሮሶ ጥብስና የዓሣ ጉላሽ በትሪ መሀል ላይ ይቀመጣል፤ አንድ ትልቅ ሰው ይባርካል፤ ከዚያ እጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። (ቀኑ የጾም ከሆነ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከመቂ ጀምሮ ይካሄዳል፤ ሁልጊዜም ትሪው ሲመጣ ይፈታል።) ፔሊካን ከአሥር ሊትር በላይ የሚይዝ የመንቁር ከረጢት አለው፤ ለጫጩቶቹም የሚያደርሰውን ዓሣ ውጦ በሆዱ ይዞ ይመለሳል። ተጓዡ ተፈጥሮ የነሣችውን ይህን መያዣ በፌስታል ተክቶታል። «ይህቺን ለልጆች ጠቅልልልኝ» የሚለው ትእዛዝ ከየጠረጴዛው ሲሰማ፣ የዝርያዎቹን ዝምድና አሁንም የሚጠራጠር ተመራማሪ ቢኖር የሚጠራጠረው በጥናቱ ሳይሆን በዓይኑ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል። «ታዲያ ትምህርቱስ? አስጎብኚ አለ፤ ገለጻ ይደረጋል» ይባላል። እውነት ነው፣ ይደረጋል። የፓርኩ ስፋት 887 ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ከዚህም የሚበዛው ውሃ እንደሆነ፣ በሁለቱ ሐይቆች መካከል ፊኬ የተባለ ተራራ እንዳለ በማይክ ይነገራል። ነገር ግን የገለጻው መኖር የትምህርት መኖርን አያስረዳም። ጥያቄ ያለው እንዲጠይቅ ሲጋበዝ ከመንጋው የሚወጣው ጥያቄ «ምሳ ስንት ሰዓት ነው?» የሚል ነው፤ ይህም ከጥናታችን ጋር ፍጹም ይስማማል። ፔሊካንም በሻላ ጥልቀት ላይ አንዳች ፍላጎት አሳይቶ አያውቅም፤ የሚበቃው ዓሣ የሌለው ውሃ 266 ሜትር ቢጠልቅ ወይም ሁለት ሜትር ምን ይጨምርለታል? የአስጎብኚው እውነተኛ ሥራ ቆጠራ ነው። በሩ ላይ ይቆጥራል፣ ሰጎኖቹና ከርከሮዎቹ ዘንድ ይቆጥራል፣ ሐይቆቹ ከሚታዩበት ኮረብታ ይቆጥራል፣ ፍል ውሃው ዘንድ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል፤ እግር የሚታጠብ ሁልጊዜ ይቀራልና። የወፍ ሊቃውንትም በፓርኩ ሲሠሩ የኖሩት በአመዛኙ ይህንኑ ነው። የሚቆጠረው ይለያይ እንጂ ዘዴው አንድ ነው።

ሁለተኛውና ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከፍላሚንጎ በኩል ይመጣል። ተጓዡ ይዞ የሚመለሰው ፎቶ ሁሉ የፍላሚንጎ ነው፤ እንግዲያው መመደብስ ካለበት ከሱ ጋር ለምን አይመደብም? ተቃውሞው ፎቶንና ጠባይን ያምታታል። ፍላሚንጎ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ከሶዳማው ውሃ ላይ ደቂቅ አልጌ እያጣራ ይመገባል፤ ቀይ ቀለሙንም የሚያገኘው ከዚሁ ምግቡ ነው። ማለትም የሚበላው በቆመበት ነው፣ ማንንም ምሳ አያስጠብቅም። ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ሲዛወርም ብዙውን ጊዜ በሌሊት ይበራል፤ የኛ ተጓዥ ግን ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ «ሳይመሽ እንግባ» ማለት ይጀምራል። አንድ ሰው የንጉሥ ፎቶ ግድግዳው ላይ ስለሰቀለ ከነጋሢ ዘር አይቆጠርም። የመግቢያ ክፍያን የሚያነሡም አሉ፤ ፔሊካን አይከፍልም ለማለት ነው። ክፍያው ከጉዞው ዋጋ ጋር አብሮ ስለሚሰበሰብ ተጓዡም የከፈለ አይመስለውም።

ከፓርኩ አንጻር ካየነው ደግሞ ይህ የአኗኗር ዘዴ ምስጋና ይገባዋል። ሃምሳ ሰው 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ ገብቶ የረገጠው መሬት ተደምሮ አንዲት የኳስ ሜዳ አይሞላም። ወፍ አያስደነግጥም፣ አይጠጋምና። ጉዳቱ የመጣው በሌላ በኩል ነው። አብያታ ከሻላ የሚለየው በሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ኮረብታማ መሬት ነው፤ ፔሊካኑም ቀድሞ ምሳውን ይበላ የነበረው እዚያው ጎረቤት ነበር። አብያታ ግን ጥልቀት የሌለው፣ ውሃ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት የሌለ ሐይቅ ነው፤ ሕይወቱ ከዝዋይ በሚመጣው የቡልቡላ ወንዝና ከላንጋኖ በሚመጣው ሖራ ከሎ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከላይ ዝዋይና ቡልቡላ ላይ ለመስኖና ለአበባ እርሻ ውሃ ይሳባል፤ ከታች የሶዳ አሽ ፋብሪካው የሐይቁን ውሃ ወደ ማትነኛ ገንዳ ወሰደ። ሐይቁ ሸሸ፣ ጨውና ሶዳው ገነነ፣ ዓሣው አለቀ። ያኔ ፔሊካኑ በረራውን አርዝሞ ወደ ዝዋይና ወደ ሌሎች ሐይቆች ለመሄድ ተገደደ፤ የሻላው መንጋም ተመናመነ። ሁለቱ ወገኖች ዛሬ በአንድ ገበታ የሚገናኙት በዚህ ታሪክ ነው። የአብያታም ዳርቻ ነጭ የሶዳ ቅርፊት ያለበት ሰፊ ሜዳ ስለሆነ አውቶቡሱ ሩቅ ይቆማል፤ ሾፌሩ እዚያ ሜዳ ላይ የገባ መኪና ምን እንደሚሆን ያውቃል፣ ላዩ ደረቅ ታቹ ጭቃ ነው። ተጓዡ ወደ ሐይቁ አይሄድም፣ ሐይቁም ከተጓዡ ይርቃል። እንዲህ ያለ መግባባት በሌሎች ፓርኮች አይታይም።

ሆኖም የመልሱ ጉዞ ቀርቷል፤ ያለ እሱ ጥናቱ ሙሉ አይሆንም። ከላንጋኖ መገንጠያ እስከ ቡልቡላና ከዚያም ወዲህ በመንገዱ ዳር ከሰል በጆንያ ተደርድሮ ይሸጣል። «የግራር ነው፣ ጭስ የለውም» ይላል ሻጩ፤ ሸማቹም ይህንኑ ሲሰማ ይረካል። ያካባቢው ግራር፣ የፓርኩን ጨምሮ፣ ለዓመታት ሲቆረጥ የኖረው ለዚሁ ገበያ ነው። አውቶቡሱ ይቆማል፤ ቀኑን ሙሉ ከወንበር ለመነሣት የከበደው ሰው ይኼኔ ቀልጥፎ ይወርዳል፤ ዋጋ ይከራከራል፣ ጆንያው ይጫናል። መቂ ላይ ደግሞ ቲማቲምና ሽንኩርት በሳጥን ይገዛል፤ ይኸኛው የመስኖው ውሃ ነው። ስለዚህ ፓርኩን ሲጎበኝ ብዙም ያልተመለከተው ተጓዥ፣ ሲመለስ ግራሩን በጆንያ፣ የሐይቁን ውሃ በሳጥን ይዞ ይገባል። ማታ ቃሊቲ ላይ አስጎብኚው የመጨረሻውን ቆጠራ ያደርጋል፤ የጎደለ ሰው የለም። እንግዲህ የአንድ ቀን ተጓዥን ከፔሊካን ወገን የመደብንበት ሐሳብ ከስታዲየም ተነሥቶ፣ ሻላ ደርሶ፣ እስከ ቡልቡላ ድረስ ይጸናል። ከቡልቡላ ወዲህ አይጸናም፤ ፔሊካን ከሰል አይገዛም።