ለትምህርት የተሰጠ ግጦሽ

በሐምሌ በአርሲ ከአሰላ ወደ ሽርካ ወረዳዋ ጎበሳ የሚሄድ ሰው መንገዱ የት እንደሚያቆየው አያውቅም። ከጋለማ ተራራ የወረደ ዶፍ ያዘን። የቅጥቅጡ ጎማ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ረዳቱ ድንጋይ ሲያነጥፍ፣ ሞተሩ ሲያጓራ፣ ወንዱ ሁሉ ሲገፋ ቀኑ ተጋመሰ። እናቶች ልጆቻቸውን በጋቢ ጠቅልለው ከመንገዱ ዳር ወዳለ የቆርቆሮ ቤት ሮጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

ቤቱ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ነው። በሩ ተቆልፏል። የሠርቶ ማሳያው አጥር ወድቆ ጥጆች ይግጡበታል። ጥጆቹን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ በረንዳው ሥር ተጠጉ።

«ኦቦ፣ ይህ ግቢ ሥራ አቁሟል እንዴ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይህ የቀበሌያችን የጥጃ መስክ ነበር። ልጆቻችን ይማሩበት ብለን ተስማምተን ለቀቅነው። እንጨቱንም እኛው ተሸክመን አመጣን። ባለሙያው ይቀየራል፣ ሌላ ይመጣል። ቁልፉ አሁን ማን ጋ እንዳለ እንጃ» አሉ።

ከብርዱ ይልቅ ይህ ንግግራቸው አጥንቴ ገባ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው ማሠልጠኛ ሲሠራ በብዙ ቦታ መሬቱን ሕዝቡ ከጋራ ይዞታው ነው የሰጠው። ሐሳቡ ያኔም ጥሩ ነበር፣ ዛሬም ጥሩ ነው፦ ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት አንድ አንድ ባለሙያ፣ አጠገባቸውም ገበሬው በዓይኑ አይቶ የሚያምንበት ማሳ። አርሲ ለዚህ እንግዳ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው ካዱ የተባለ የግብርና ልማት ድርጅት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያስተዋወቀው በሠርቶ ማሳያ ነው። ያኔ ትርፉን ያየ ባለርስት ትራክተር አስገብቶ ጢሰኛውን አፈናቀለ። ዛሬ ግን መሬቱን ለትምህርት የሰጠው ገበሬው ራሱ ነው፤ የተቆለፈው በር የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው።

ትምህርቱ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ የተባለው በሽታ ስንዴውን ሲፈጀው ብዙ ገበሬ ወደ «ዲገሉ» ዝርያ ዞረ። በ2006 ዓ.ም. እሱንም ግንድ ዋግ መታው። በቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ያሉ ተመራማሪዎች አዲስ ዘር ያወጣሉ። የጎበሳ ልጅ ግን አዲሱን ከአሮጌው ጎን ተዘርቶ ካላየ፣ ቅጠሉ ላይ ያለውን የዋግ ቢጫ ዱቄት በጣቱ ዳስሶ ካልለየ፣ ነገሩ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ዝናቡ ሲያባራ ሽማግሌው ሕፃናቱን አጥሩ ጥግ ወዳለ ኮሶ ወሰዷቸው። አበባው ምን እንደሚያሽር፣ ዛፉ ለምን እንደተመናመነ ነገሯቸው። ልጆቹ ጥያቄ አዘነቡባቸው። ያ ግቢ ለዚያች ሰዓት የተሰጠበትን ሥራ ሠራ። ቅጥቅጡ በጎረቤት በሬዎች ተጎትቶ ሲወጣ ከኮሶው ሥር ልጆቹን ማንሳት አቃተን።

የሽርካና የአካባቢው መምህራን ሆይ፣ የቀበሌያችሁን ማሠልጠኛ ቁልፍ ጠይቁ። ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ መሬቱን የሰጡትንም ሽማግሌዎች አስተምሩን ብላችሁ ጥሯቸው።