የጂሲዎች ባሕረ ሐሳብ

ባሕረ ሐሳብ የአጽዋማትንና የበዓላትን ዕለት የሚያወጣው የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት ሲሆን፣ ከጣራ ገዳም ግርጌ እስከ ፎገራ ሜዳ ያለው ምእመን ጾሙን የሚይዘውም የሚፈታውም በዚሁ ቀመር ነው። የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ይህን ጥንታዊ ጥበብ የሚያስንቅ አዲስ ስሌት አበርክተዋል፤ ይኸውም «ጂሲ» በሚል ምህጻረ ቃል የሚጠራው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ጋውን ከመልበሱ በፊት ሊያከብራቸው የሚገቡትን ቀናት የሚደነግገው ሥርዓት ነው።

የስሌቱ መነሻ «መቶ ቀን» ነው፤ ለምረቃ 100 ቀን መቅረቱ በሙዚቃና በኬክ ይበሠራል። ከዚያም በቀለም ዱቄት መረጫጨት የሚፈጸመው «ከለር ዴይ» ይከተላል። በ«ክሬዚ ዴይ» እብድ መምሰል ግዴታ ስለሆነ፣ በዕለቱ ጤነኛ መስሎ የተገኘ ተማሪ በባልንጀሮቹ ዘንድ ያሳዝናል። በ«ካልቸራል ዴይ» ደግሞ አያቶች ዕድሜ ልካቸውን የለበሱት ልብስ ለግማሽ ቀን ተከራይቶ ፎቶ ከተነሡበት በኋላ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ባህልም በዚሁ ተጠብቆ ይኖራል። መደምደሚያው «ሱት ዴይ» ሲሆን፣ ሥራ ገና ያልያዘው ወጣት የሥራ አስኪያጅ ልብስ ለብሶ የሚቆምበት ዕለት ነው።

የዚህ ሁሉ ክብር ወጪ አይታዘንበትም፤ ከፋዩ በቦታው የለምና። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው የትምህርቱን ከፊል ወጪ ወደፊት ሠርቶ ለመክፈል የሚፈርምበት «የወጪ መጋራት» የሚባል ውል አለ፤ መንግሥት በዚህ ረገድ ታጋሽ አበዳሪ ነው። የቲሸርት አሳታሚውና ፎቶ አንሺው ግን ዱቤ ስለማያውቁ፣ በክረምት ጭቃና ውሃ ውስጥ ቆሞ ሩዙን ያረመው የፎገራ አባት «ኤክስ ጅግና» የተሰኘውን የአካባቢውን የሩዝ ዝርያ ጭኖ ወረታ ገበያ ይወጣል። ልጁ በስልክ «ለማሟያ ነው» ይለዋል፤ አባትም የሚሟላው መጽሐፍ መስሎት ጆንያውን ሳይቆጥብ ይሸጣል።

በሥርዓቱ ላይ የተነሣው ብቸኛ መናፍቅ የመውጫ ፈተና ነው። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰጥ ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት 61,054 ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ የፈተናው መሆኑ ግልጽ ነው፤ ስለ ቀለም አበጣበጥም ሆነ ስለ ከረባት አስተሳሰር አንድም ጥያቄ አልያዘም። ሱት ዴይ ግን ማንንም ጥሎ አያውቅም።

የቀድሞዎቹ ተማሪዎች በዚህ ረገድ ድሆች ነበሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች «የኮሌጅ ቀን» የሚሉት በዓል ግጥም የሚነበብበት መድረክ ስለነበረ፣ ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. «ድሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን አቅርቦበታል። አለባበሱ ሳይሆን ግጥሙ መታወሱ የዘመኑን ኋላ ቀርነት ይመሰክራል። ዛሬ ቀኑ በዝቷል፤ ድሃውም በቲሸርቱ ዋጋ ውስጥ ስለተካተተ መናገር አያስፈልገውም።

ይበልጥ የሚያሳዝነው የአብነት ተማሪው ነው። በደቡብ ጎንደር የድጓ መምህራን ማፍለቂያ በሆነችው በቤተ ልሔም፣ ወይም የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ በሆነችው በዙር አምባ፣ ደቀ መዝሙሩ አኩፋዳውን አንግቶ እየለመነ ዓመታት ከተማረ በኋላ «ያስመሰክራል»፤ ማስመስከር ማለት ማወቁን በመምህሩ ፊት አረጋግጦ ለማስተማር መብቃት ነው። ከለር ዴይ አላየም፤ በፎቶም ማስረዳት አይችልም። በሄደበት ደብር ሁሉ «እስቲ በል» ስለሚባል፣ ዕድሜ ልኩን ከማወቅ ሌላ መውጫ የለውም።

እንዲህ ያለው መከራ በዩኒቨርሲቲዎች እንዳይደርስ ሥርዓቱን ማሟላት ይገባል። ከቀናቱ አንድ ብቻ ጎድሏል፤ እርሱም ተማሪው ክፍል ገብቶ የሚማርበት ቀን ነው። «ክላስ ዴይ» ተብሎ ይታወጅለት፤ ቲሸርት ይታተምለት፤ ፎቶ አንሺም ይጠራለት። በዚያ ዕለት የሚቀር ተማሪ አይኖርም፤ የሚጋፋው ግን መምህሩን ለመስማት ሳይሆን ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ፎቶ ለመነሣት ስለሚሆን፣ መምህሩ ከፎቶው እንዲወጡ በትሕትና ይለመኑ።